በአራት ደቂቃ የማይነገር

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሕያብ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነቢው ጓደኛሽ መቅደላዊትና የቤተ ክርስቲያናችሁ ሰዎች ቤትሽ መጥተው፣ ቁጭ ብለው፣ የመጡበትን ነገር ከነገሩሽ በኋላ ነው። መቅደላዊት ሐሙስ ወደ ጎተንበርግ ስትመለስ ይዛው እንድትመጣ ስሰጣት አስምያታለሁ። «መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ወረቀት» ብያታለሁ። ተቻኩላ ቀድማ ሰጥታሽ ከሆነ ግን አጥፈሽ አስቀምጪውና ሰዎቹ እስኪደርሱ ጠብቂ። መርዶ ለብቻ ተቀምጦ አይነበብም።

እንግዲህ ሰምተሻል። አባትሽ ማክሰኞ ኅዳር 3 ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በራሱ አልጋ ላይ፣ እጁን ይዤው ሞተ። ሥቃይ አልነበረውም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ ሥቃይ ቢኖረው ነበረው ብዬ እጽፍልሽ ነበር። ፍትሐቱ በልደታ ማርያም ተደረገ። አርባውም ወጥቷል። ዛሬ ሰባ ስድስት ቀን ሆነው።

ሰባ ስድስት ቀን ደበቅኩሽ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች «ብትሰማ ሁሉን ጥላ ትመጣለች፣ ከመጣች ደግሞ መመለሻ የላትም» አሉ። አንቺም ራስሽ በመስከረም የመኖሪያ ፈቃድሽ ሳይታደስ ከወጣሽ መልሰው እንደማያስገቡሽ ነግረሽን ነበር። ባለፈው ሳምንት ታደሰልኝ ብለሽ ስትጽፊ፣ በማግስቱ መቅደላዊትን አስጠራኋት። ምክንያቱ ይህ ነው። እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ግን ከኋላው አልደበቅም። በጦርነቱ ጊዜ የሰሜኑ መስመር ተቋርጦ፣ አክስትሽ ለተብርሃን መሞቷን የሰማነው በአሥራ አራተኛው ወር ነበር። አባትሽ ያን ቀን «አሥራ አራት ወር ሙሉ ጤና ስጣት እያልኩ ስጸልይ ነበር፤ ለሞተ ሰው» ያለውን ነግሬሻለሁ። እኔም ያን ጊዜ ዘግይቶ ያረዳንን ሰው ሁሉ አምርሬ ወቀስኩ። አሁን የወቀስኩትን ሥራ ሠራሁ።

በእነዚህ ቀናት ምስል በማታሳየው በትንሿ ስልክ በደወልሽ ቁጥር ስለ አባትሽ ጠይቀሽኛል። የመለስኩልሽን ሁሉ መዝግቤዋለሁ። ሦስት ነገር ነው ያልኩሽ። አንድ ጊዜ ተኝቷል አልኩ። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ነው አልኩ። በቀረው ሁሉ ትልቁ ስልክ ስለተበላሸ ልታዪው አትችዪም አልኩ። ከሦስቱ እውነት የነበረው የመጨረሻው ብቻ ነው፣ እሱም ስልኩ እስኪጠገን ድረስ፤ የሚከብደኝም እሱ ነው። ስለዚህ የስልኩን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ልጽፍልሽ ይገባል።

ስልኩ አንቺ ሁለት ዓመት ያህል ይዘሽው ቆይተሽ፣ የዛሬ አራት ዓመት ስትመጪ ለአባትሽ የተውሽለት ነው። አርባ ዓመት የስልክ መስመር ሲጠግን የኖረ ሰው፣ ምሰሶም ሽቦም የሌለውን ስልክ መጀመሪያ ንቆት ነበር። ከዚያ ግን እሁድ እሁድ አራት ሰዓት ላይ ፊትሽን ሲያይበት ወደደው። ደረጃው ስለከበደውና ሊፍቱም ስለማይሠራ ቅዳሴ መሄድ ካቆመ ወዲህ፣ እሁድ ማለት ለእሱ አራት ሰዓት ማለት ነበር።

በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት ሐኪሙ አስጠርቶን፣ ልቡ ከዚህ በኋላ በመድኃኒት እንደማይበረታና የቀረው ጊዜ በሳምንት የሚቆጠር እንደሆነ ነገረን። በታክሲ ስንመለስ ሰንጋ ተራ ላይ መብራት ሲይዘን አባትሽ «ሕያብን እኔ ነኝ የምነግራት» አለ።

«እኔ ብነግራት አይሻልም?» አልኩት።

«አንቺማ እንደ ማስታወቂያ ታነቢላታለሽ። ፊቷን እያየሁ እኔው እነግራታለሁ።»

ቀኑንም ቆረጠ፤ እሁድ መስከረም 26።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ላይ ማስታወቂያ መጣ። አፕዴት የሚሉት ነው። እንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ደኅንነትን ያጠናክራል፣ ስሕተቶችን ያርማል፣ አሠራሩን ያሻሽላል ይላል። ስሕተትን የሚያርም ነገር ጠላቴ ሆኖ አያውቅም። ታውቂኛለሽ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰ ወረቀት መልስ ሳያገኝ አላደረም። ያን ዕለት ግን መብራት ስላልነበረና ቻርጅ ላይ ይሰካ ስለሚል፣ ለእሁድ ጠዋት አሳደርኩት። በዚያ ቀን ስልኩ ላይ ያልተፈጸመ ጉዳይ እንዲኖር አልፈለግኩም። አባትሽ የሚናገረውን በጥሩ ዕቃ እንዲናገር ፈለግኩ።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሰካሁትና እሺ የሚለውን ነካሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል ይላል። አባትሽ ለጡረታው ቀን ያሰፋውን ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ከረባቱን እኔ አስሬለት፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። አራት ሰዓት ሆነ። ስልኩ ጥቁር ሆኖ አንዲት ቀጭን መሥመር ብቻ ትታያለች፤ ከሥሯ «እየሠራ ነው፣ እንዳታጠፉት» ይላል። መሥመሯ ትንሽ ትሄድና ትቆማለች። አላጠፋሁትም። እንዳታጠፉት ተብሎ ተጽፏል።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤታችን ነጅማ ስልኳን ይዛ ገባች።

«እትዬ አሰፋሽ፣ ሕያብ እኔ ላይ ደወለች፤ የናንተ አይነሳም ብላ ተጨንቃለች። ይኸው በኔ አናግሯት። ጋሼ ሐድጉ፣ እንዴት አምሮብዎታል፣ ሰርግ አለ እንዴ?»

አባትሽ ፈገግ አለና እጁን ሊቀበላት ዘረጋ። እኔ ቀድሜ «እናመሰግናለን ነጅማ፣ የኛው ሊያልቅ ነው፤ አሥር ደቂቃ ብትጠብቅ ነው በያት» አልኳት። የቤት ነገር በጎረቤት ስልክ አይወራም ብዬ ነው። መሥመሯም ከግማሽ አልፋ ነበር። አባትሽ የዘረጋውን እጁን ወደ ኮቱ ኪስ መለሰው።

ሕያብ፣ ሌላው ሁሉ ይቅርና ያን እጅ አያለሁ።

ስልኩ የተነሣው አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ነው። እጅ ያቃጥላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰክቶ የቆየው ባትሪ አሥራ ዘጠኝ ይላል። አባትሽ ደክሞት ከነኮቱ ጋደም ብሎ ነበር፤ ቀስቅሼ ትራስ አስደገፍኩትና ደወልን። አንቺ አየሽውና «አባባ፣ ከረባት ደግሞ ምንድን ነው? ልታገባ ነው?» ብለሽ ሳቅሽ። እሱም ሳቀ። ከዚያ «ሕያብ፣ ስሚኝማ ልጄ» አለ፤ ስልኩም ጠፋ።

ከማግስቱ ጀምሮ ደብተር ከፍቼ መመዝገብ ጀመርኩ። ሰኞ፦ በአንድ ሰዓት መቶ፤ በሦስት ሰዓት ስልሳ አራት፤ በአምስት ሰዓት ሃያ ሁለት፤ ከዚያ ጠፋ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ከሞላ እስከ ማታ ይደርስ ነበር። ፊደል ብነካ ፊደሉ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ምስል ሲከፈት አራት ደቂቃ ቢቆይ ነው፤ ሠላሳ እያለ ድርግም ይላል። ሰክተን ስናደርገው ደግሞ ይግልና ምስሉ ይደርቃል። አባትሽ ግን ቀለደበት። «ይሄ ስልክ እኔን ሆኗል። መቶ ብለሽ ታስነሺዋለሽ፣ ደረጃውን ሳይወርድ ያልቃል» አለ።

ጥቅምት 6 ቀን ስልኩን በነጠላዬ ጠቅልዬ ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ። ነጅማ የነገረችኝ አብዱልጀባር የሚባል ስልክ ጠጋኝ አለ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ሱቁ ከቁም ሣጥን የማይሰፋ ሰው።

«ማዘር፣ ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ።

«ስሜ ወይዘሮ አሰፋሽ ነው። ስልኩ ስድስት ዓመት ከአራት ወሩ ነው።»

«ከአራት ወር» ብሎ ጎን ያለውን ባለሱቅ ዞሮ አየው። «እኔ የልጄን ዕድሜ እንዲህ አላውቀውም።»

ከዚያ ግን በደንብ አስረዳኝ፤ ሲያስረዳ ጥሩ መምህር ነው። «አፕዴቱ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም» አለ። «ግን የተሠራው ለአዲስ ስልክ ነው። በሽማግሌ ትከሻ ላይ የጎረምሳ ሸክም ጫኑበት። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ፎቶውንም ምኑንም ውስጥ ውስጡን እንደ አዲስ ያደራጃል፤ ያን ጊዜ ይግላል፣ ባትሪ ይበላል። እሱ ያልፋል። የማያልፈው ይሄ ነው» ብሎ ከፍቶ አሳየኝ፤ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ስልሳ ስምንት በመቶ ብቻ ነው የሚይዘው። «ባትሪው ሲደክም ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ ብሎ ራሱን ያዘገያል። የሚንቀራፈፍብዎት ለዚህ ነው።»

«እንግዲያው ወደ ቀድሞው ይመልሱልኝ።»

«መመለስ የለም። አንዴ ከገቡ በሩን ይዘጉታል። ባትሪውን ልቀይረው፤ ትተውልኝ ይሂዱ፣ ነገ ይወስዱታል።»

በውስጡ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶግራፍ አለ። አብዛኛው አንቺ ነሽ። «ምንም እንደማይጠፋ ጽፈው ይፈርሙልኝ» አልኩት።

«እማማ፣ እኔ ባትሪ ነው የምቀይረው» አለ፣ በትሕትና ነው ያለው። «እንኳን ለስልክ፣ ነገ ለመክፈቴም አልፈርም።»

ስልኩን ተቀብዬው ተመለስኩ። ሳይፈረምበት ከእጄ የወጣ ሰነድ የለም። አባትሽ «ምን አለ?» ሲለኝ «የሚታመን ሰው አይደለም» አልኩት። ስለ አንድ ሐቀኛ ሰው እንዲህ አልኩ።

ከዚያ በኋላ የቀሩት እሁዶች አራት ነበሩ። በእያንዳንዳቸው አራት ደቂቃ አገኛችሁ። እሱ ስለ በረዶው ጠየቀሽ። ወፍራም ካልሲ አለሽ ወይ አለሽ። አንድ ጊዜ ሙሉውን አራት ደቂቃ ስለ ነጅማ ድመት አወራችሁ፤ ያን ቀን ተናድጄ «ዛሬም አልነገርካትም» አልኩት።

«በአራት ደቂቃ ሞት አይነገርም» አለ። «ጀምሬው ቢቋረጥስ? ልጄን መሐል መንገድ ላይ ጥያት ልሂድ?»

«በነጅማ ስልክ ይሁን እንግዲያው» አልኩ፤ ይህን ለማለት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

«አይ» አለ። «አንቺ ደስ አይልሽም።»

በሳምንቱ ሞተ።

አርባው ከወጣ በኋላ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን፣ ስልኩን ይዤ እንደገና ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ። አብዱልጀባር ከሩቅ አይቶ «ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ውሉን አስተይበው መጡ?» ብሎ መቀለድ ጀመረና ጥቁሩን ልብስ አየ። ተነሥቶ የራሱን በርጩማ ሰጠኝ።

«ማን ነው?» አለኝ።

«ባለቤቴ ነው። ስልኩ የእሱ ነበር።»

ስለ ፊርማ አልጠየቅኩም፤ እሱም አላነሣብኝም። ትቼው መሄድ ግን አልችልም ስለው፣ የያዘውን ሥራ አስቀምጦ ፊቴ ላይ ከፈተው። ትይዩ ሱቅ ግድግዳ ላይ ሰዓት አለ፤ ያየሁት እሱን ነው። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ፎቶግራፎቹን ቆጠርኩ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።

አርባ ደቂቃ፣ ሕያብ።

አሁን ስልኩ ደህና ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ይቆያል፤ ማታ አርባ አንድ ይቀረዋል። እንደ ድሮው ፈጣን አይደለም፤ ትንሽ ያስባል፣ ይሠራል። የሚነካው ስለሌለ ይሆናል እንዳትዪኝ ፈትኜዋለሁ። ነጅማን ቤቷ ተቀምጣ በምስል እንድትደውልልኝ ለመንኳት። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆየን። በመሐል ሁለታችንም የምንለው አጣንና ዝም ብለን ስንተያይ ነበር። አልጠፋም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ባትሪውን የምመዘግብበት ደብተር ካለቀ በኋላ ላስቀምጠው ስል ከጀርባው በኩል የአባትሽን የእጅ ጽሑፍ አገኘሁ። እኔ ሱቅ ስወርድ ሰዓት ይዞ ይለማመድ እንደነበር አላወቅኩም። እንዲህ ይላል፦

«አንደኛ ደቂቃ። ሰላምታ። አስቃት።
ሁለተኛ ደቂቃ። ሐኪሙ ያለው። አታቋርጪኝ በላት።
ሦስተኛ ደቂቃ። እንዳትመጪ። ወረቀቷ ይለቅ።
አራተኛ ደቂቃ።»

አራተኛው ላይ ብዙ ጽፎ ብዙ ሰርዟል። ሳይሰረዝ የቀረው አንድ ብቻ ነው፦ «እናትሽ አጥፍታ ስለማታውቅ ጥፋት መሸከም አትችልም። አግዢያት።» ከሥሩ ደግሞ «አይበቃም» ይላል።



እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት ከደብተር ወረቀት የቀደደች ልጅ ቀኑን ሙሉ ተንበርክካ ትውል ነበር። እስከ ዛሬ ቀድጄ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት በማስመሪያ ይዤ ቀደድኩት፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። የተጻፈው ለአንቺ ስለሆነ የአንቺ ነው።

የይቅርታ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ ለአለቆቼ ስንቱን ጽፌ አስፈርሜያለሁ። ሁሉም «ለተፈጠረው ክፍተት» ብለው ይጀምራሉ። ለአንቺ እንደዚያ አልጽፍም፤ ሌላ ዓይነት ደግሞ አላስተማሩኝም።

አሁን አልቅሺ። ሰዎቹ እህል ሲያቀርቡልሽ እምቢ አትበዪ። ብቻሽን አትደሪ፤ መቅደላዊት አብራሽ ታድራለች፣ ነግሬያታለሁ። ወረቀትሽ ስለታደሰ መምጣት ትችያለሽ፤ ነይም አትምጪም አልልሽም። እኔ እሁድ አራት ሰዓት ላይ በአባትሽ ወንበር፣ መስኮቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ተቆጥተሽ ከሆነም ደውዪ። አሁን የፈለግሽውን ያህል ጊዜ ሊቆጡበት የሚችል ስልክ ነው።

እመቤቴ ልደታ ከለላ ትሁንሽ። አባትሽ ያልጨረሰውን ምርቃት እሷ ትጨርስልሽ። ያለሽበት አገር ብርዱም ሰዉም ይራራልሽ።

እናትሽ
አሰፋሽ

ከፊርማ በኋላ መጨመር አልወድም፤ ይህን ግን ረሳሁት። ባለፈው ሐሙስ ስልኩ ላይ ሌላ ማስታወቂያ መጥቷል። አሁንም ስሕተቶችን ያርማል ይላል። አብዱልጀባርን ጠይቄው «ለደኅንነቱ ሲሉ ውሎ አድሮ ማድረግዎ አይቀርም፤ የሚደውልልዎ ሰው ካለ ግን ከጥሪው በኋላ ያድርጉት» አለኝ። እስካሁን አልነካሁትም። በገዛ ፈቃዴ መልስ ሳልሰጠው ያሳደርኩት ወረቀት በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያው ነው። እሁድ ተነጋግረን እስክንጨርስ ይቆያል።